ዓይኔ ላይ የበቀለው የደም ሥር

እኔ ከጎንደር ገጠር የመጣሁ፣ አሁን አፉላ መርካዝ ክሊታ የምኖር የአራት ልጆች እናት ነኝ። አገር ቤት የተማርኩት እስከ ሁለተኛ ክፍል ነው። ሞራችን ሰው እንዲጠቀምበት ስለ ዓይኔ ሕክምና ጻፊ ስላለችኝ ነው የምጽፈው።

ኦልፓን ስጀምር ዳሌትና ሬሽ አንድ ሆኑብኝ። ጀማሪ ስለሆንሽ ነው ይሉኝ ነበር። ዓይኔ ግን ይቆረቁረኛል፣ ያነባል፣ ፀሐይ አይወድም። እናቴ ዓይኗ ጠፍቶ ነው የሞተችው። ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ እየገባ ሲወጋት በወረንጦ የምነቅልላት እኔ ነበርኩ። ስለዚህ በጣም ፈራሁ።

ከአስተርጓሚ ጋር ሐኪም ዘንድ ገባሁ። ሐኪሟ በማጉያ መሣሪያ አይታ እንዲህ አለችኝ። የዓይን ፊተኛው ጥርት ያለ ክፍል በዕብራይስጥ ካርኒት ይባላል። እንደ መስታወት ብርሃን እንዲያሳልፍ የደም ሥር የለውም፤ አየር የሚያገኘው ከውጭ በእንባ በኩል ነው። ሲቆስል ወይም ሲታመም ግን የደም ሥር ከዳር ወደ መሐል ይበቅልበታል፣ እይታም ይደበዝዛል። የእኔ ከላይ በኩል ወርዶ ነበር። ያመጣውም እኛ የዓይን ማዝ የምንለው ትራኮማ ነው።

ሕክምናው ከምክንያቱ ይጀምራል። መጀመሪያ እዚሁ አፉላ፣ ሃኤሜክ ሆስፒታል፣ ቆቡን በመርፌ አደንዝዘው ሽፋሽፍቱን ወደ ውጭ መለሱልኝ። ቀጥሎ ቁጣውን የሚያበርድ ቲፖት ሰጡኝ። ይህ ቲፖት የዓይን ግፊት ሊጨምር ስለሚችል በየጊዜው ይለኩኛል፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድም። በዚህ ያልቆመለት ሰው የደም ሥር እድገት የሚገታ መርፌ ወይም ጨረር ይደረግለታል። ሥሩ ደም ሲያጣ ይከሳል፤ የቆየ ጠባሳ ግን አይጠፋም። ለዚህ ነው ቶሎ መሄድ የሚያስፈልገው።

ትራኮማ የእኛ ብቻ ነውር አይደለም። በዚህ አገርም ድሮ ብዙ ሰው ያውር ነበር። ዶክተር አብርሃም ቲኮ በ1912 ኢየሩሳሌም መጥተው ብዙ ዘመን በዚህ በሽታ ላይ ሠርተዋል። በአማራ ክልልም ከ2008 ጀምሮ ዚትሮማክስ የሚባለው መድኃኒት በዘመቻ ለሚሊዮኖች ታድሏል፤ ለልጆች ቁመታቸው በዘንግ እየተለካ ነው የሚሰጠው።

አሁን ቀኝ ዓይኔ ከሰሌዳው ላይ ዳሌትን ከሬሽ ይለያል። ግራው ገና ጭጋግ አለበት፤ ቲፖቱን ቀጥያለሁ።

እህቶቼ፣ ልጅ የምናቅፍ እኛ ስለሆንን በሽታው ከወንድ ይልቅ ሴት ያጠቃል። የልጆቻችሁን ፊት እጠቡ፣ ፎጣ ለየብቻ አድርጉ። ዓይናችሁ ከቆረቆራችሁ ቶር አስይዙ፣ አስተርጓሚም ጠይቁ፤ አያሳፍርም።

የኦልፓን ተማሪ፣ አፉላ