የብርሌ የትውልድ ሐረግ

ምናለሽ ተራ የሚሸጥ አሮጌ ዕቃ ሁሉ የምኒልክ ነው። ሰዓቱ የምኒልክ፣ ሻንጣው የምኒልክ፣ አንዳንዴ ሬዲዮው ሳይቀር የምኒልክ። ስለዚህ አንድ ወጣት ነጋዴ አቧራ የለበሰ ብርሌ በሸሚዙ ጫፍ እየወለወለ "ጋሼ፣ ይሄ እኮ የእምዬ ምኒልክ ነው" ሲለኝ አልደነገጥኩም።

ወደ ብርሃን አነሳሁና ጎኑን በጥፍሬ ዳሰስኩት። ቀጭን የስፌት መስመር ከሆዱ ተነሥታ፣ አንገቱን ወጥታ፣ እስከ ከንፈሩ ዘልቃለች። ይህ የማሽን ምልክት ነው። ያለ ሰው እስትንፋስ ጠርሙስን ከመነሻው እስከ አፉ የሚሠራውን ማሽን አሜሪካዊው ማይክል ኦወንስ የፈለሰፈው በ1903 እ.ኤ.አ. ነው። ምኒልክ ያረፉት ደግሞ በ1906 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1913 ነው። በዚያች ዐሥር ዓመት ውስጥ የማሽን ብርሌ ተሠርቶ ቤተ መንግሥት ደረሰ ማለት ይቻል ይሆናል፤ ግን ብዙ እምነት ይጠይቃል። ይህን ሁሉ አስረዳሁት።

"እንግዲያው የጃንሆይ ይሁን" አለኝ። ንጉሡን ቀየረ እንጂ ዋጋውን አልቀየረም።

በእፍታ የተሠራ ብርሌ ሌላ ነው። ሠሪው የቀለጠውን ብርጭቆ በብረት ቧንቧ ጫፍ ጠቅልሎ ይነፋዋል፤ ሆዱ ሲያብጥ አንገቱ እየተሳበ ይረዝማል። አፉን ለማበጀት ከቧንቧው መላቀቅ ስላለበት፣ ከታች በኩል ሌላ ዘንግ ይጣበቅበታል። ሥራው ሲያልቅ ዘንጉ ተመትቶ ይላቀቅና መቀመጫው ላይ ሻካራ ጠባሳ ይቀራል። እኔ እትብቱ እለዋለሁ። እትብት የሌለው ብርሌ አልገዛም። ችግሩ፣ እትብቱ ያለው ከታች ነው፤ ሰው ቤት ሙሉ ብርሌ ሲቀርብ ገልብጦ ማየት ነውርም ነው፣ ብክነትም ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መጨረስ ግድ ይላል። ዘመዶቼ ይህን ጥናት በሌላ ስም ይጠሩታል።

ጠጅና ብርሌ ተለያይተው ስለማይታሰቡ፣ ብዙ ሰው ብርሌን ከጌሾው ጋር አብሮ የበቀለ ያደርገዋል። በ1809 እና በ1810 እ.ኤ.አ. ትግራይን ያየው እንግሊዛዊ፣ ሄንሪ ሶልት፣ በ1814 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ግን ብርሌን በስሙ ይጠራና የቬኒስ ጠርሙስ ነው ይለናል። ቬኒስ እንግዲህ የብርጭቆ ምድጃዎቿ እሳት እንዳያስነሱባት ፈርታ በ1291 ሙራኖ ወደምትባል ደሴት ያወጣቻቸው ከተማ ናት። የባህላችን አምባሳደር ያልነው ዕቃ ፈረንጅ ሆኖ አረፈው! ደግነቱ፣ ከውጭ ብርጭቆ መግዛት አዲስ አመላችን አይደለም። በአንደኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መመሪያ አዱሊስ ወደብ ላይ ከሚራገፈው ሸቀጥ መካከል ልዩ ልዩ የብርጭቆ ዕቃ ይቆጥራል።

በሶልት ዘመን የሰሜኑ በር ምፅዋ ነበረች። ከዚያ ሽቅብ፣ ያንን ገደል በእንስሳ ጀርባ፣ አንገተ ቀጭን ጠርሙስ! "ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ" ያለው ሰው ጭነት ሲራገፍ ቆሞ ያየ ሳይሆን አይቀርም። እንዲህ ተደክሞበት የደረሰ ዕቃ የጌቶች ቢሆን አይገርምም፤ ሌላው በቀንድ ዋንጫና በቅል ይጠጣ ነበር።

ግን ለምን ይሄኛው ቅርጽ ጸንቶ ቀረ? በንግድ ከመጣው ጠርሙስ ሁሉ ይህን የመረጥነው በመልኩ ብቻ አይመስለኝም። በድሮ ግብር አሳላፊው ጠጁን ከማቅረቡ በፊት ጥቂት በመዳፉ አፍስሶ ይጠጣ ነበር፤ ጌታው መርዝ ይፈራል። እንግዳው ደግሞ ዓይን ይፈራል። እንዲህ ሁሉም ሁሉን በሚጠረጥርበት አዳራሽ፣ ውስጡ ወለል ብሎ የሚታይ፣ አፉ ግን በአውራ ጣት የሚከደን ዕቃ መገኘቱ ትልቅ ዕድል ነው። ንቧም ብትሆን ማሯን ፍለጋ በቀላሉ አትገባበትም። ማስረጃ አምጣ ብባል ጥርጣሬያችንን ከማሳየት ሌላ የለኝም።

አሁን ብርሌው ከማሽን ይወጣል፤ ወደ ቤት የሚወሰደው ጠጅ ደግሞ በሃይላንድ ነው።

እማዬ ለዚህ ሁሉ ደንታ የላትም። ለጥምቀት እንግዳ ሲበዛባት ከቡፌው ውስጥ ባለ እትብቱን፣ እኔ በዓይኔ ብቻ የምነካውን ብርሌ አውጥታ ለአጎቴ ቀዳችበት። በእፍታ የተሠራ ዕቃ መቀመጫው ልክ አይሆንምና ጠረጴዛው ላይ ዘመም ብሎ ቆመ። አጎቴ አንዴ ብርሌውን፣ አንዴ እናቴን አየ።

"ሳልጠጣ ሰከርኩ እንዴ? በሉ በብርጭቆ ቅዱልኝ።"