ካርድ ወይስ ቢል?

ሴትየዋ ሠላሳ ዓመት ሂሳብ አስተምረው ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ኮተቤ አካባቢ ባለው ግቢያቸው ዋናው ቤት ውስጥ እሳቸው ይኖራሉ፤ ከጓሮ ያሉትን ሦስት ሰርቪስ ቤቶች አከራይተዋል። ለአራቱም ቤት ያለው ቆጣሪ አንድ ነው። ባለፈው ክረምት ይኸው ቆጣሪ ተቃጠለና አዲስ ሊተከል ሲል ጥያቄ መጣ፦ በካርድ ይሁን ወይስ እንደ ድሮው በቢል? ለሌላ ሰው የአንድ ደቂቃ ጉዳይ ይሆናል። እሳቸው ግን አንድ ሳምንት ፈጀባቸው።

ልጃቸው ካርድ አለች። ምክንያት አላጣችም። ቆጣሪ አንባቢው በሩ ተቆልፎ ሲያገኝ በግምት ሞልቶ ይሄዳል፤ ከወራት በኋላ ትክክለኛው ንባብ ሲመጣ የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ቢል ይወርዳል። ታሪፉ ደግሞ እርከን ስላለው፣ የተጠራቀመ ፍጆታ እንደ አንድ ወር ከተቆጠረ ወደ ውዱ እርከን ይገፋል። ይህ እናቷ ላይ ሁለት ጊዜ ደርሷል። ሁለቱንም ጊዜ መስኮት ለመስኮት ሲዞሩ ውለው «መጀመሪያ ይክፈሉ፣ ከዚያ ያመልክቱ» ተብለው ተመልሰዋል። ካርድ ቢሆን ሙግት የለም፤ የሞሉትን ያህል ይጠቀማሉ።

ለንደን ያለው ወንድሟ ደግሞ ስልኩን እንዳነሳ «እማዬ፣ እንዳትቀበይ!» አለ። የመጀመሪያዎቹን የስደት ዓመታት የኖረው ቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ባለበት ቤት ነበር። ቁልፍ የምትመስል ነገር ይዞ ሰፈር ሱቅ ሄዶ ያስሞላል። ሥራ የጠፋ ሰሞን በጥር ብርድ ማሞቂያውን አጥፍቶ ካፖርቱን ለብሶ ይተኛ ነበር። ማንም መብራት አልቆረጠበትም፤ ራሱ ነው የቆረጠው። ቆጣሪው ዜሮ ሲገባ ደብዳቤ የሚጽፍ የለም፣ በር የሚያንኳኳ የለም፣ መዝገብ ላይም «የተቋረጠበት ደንበኛ» ተብሎ አይቆጠርም።

እንግሊዞች ይህን ለማየት ጊዜ ወስዶባቸዋል። ዕዳ ያለባቸው ሰዎች ቤት በፍርድ ቤት ትዕዛዝ እየተገባ ቅድመ ክፍያ ቆጣሪ በግድ እንደሚተከል በየካቲት 2023 እ.ኤ.አ. ጋዜጣ ላይ ሲወጣ፣ ተቆጣጣሪው ኦፍጄም ድርጊቱ እንዲቆም ጠየቀ። በዚያው ዓመት ኅዳር በጸናው ደንብ፣ ደጋፊ የሌላቸው ከ75 ዓመት በላይ አረጋውያንና ከ2 ዓመት በታች ሕፃን ያለባቸው ቤቶች ከግዳጅ ተከላ ነፃ ሆኑ። ብዙዎቹ አቅራቢዎችም ሂሳቡ ሌሊት ወይም እሁድ ቢያልቅ ኃይሉ እንዳይቋረጥ ያደርጋሉ። እኛ አገር ስለ ካርድ ቆጣሪ ሲወራ የሚወራው ስለ ዘመናዊነቱ ነው፤ ሂሳቡ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ቢያልቅ ምን ይሆናል ብሎ የሚጠይቅ ብዙም አይሰማም።

መምህርቷ የሁለቱንም ሰምተው ወደ ግቢያቸው ዞሩ። አንደኛዋ ተከራይ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች፤ ምጣዷ በሳምንት አራት ቀን ይሰካል። ሁለተኛው ቤት ወጣት ባልና ሚስት ናቸው። ሦስተኛው ዘበኛ ነው፤ ያለው አንድ አምፖልና አንድ የስልክ ቻርጀር ነው። ይህ ሰው የራሱ ቆጣሪ ቢኖረው በወር 50 ኪሎ ዋት ሰዓት አይሞላም፤ ማለትም የሚከፍለው በዝቅተኛው፣ ለድሃ ተብሎ በተደጎመው እርከን ነበር። አሁን ግን ከምጣዱ ጋር ተደምሮ በላይኛው እርከን ይከፍላል። ድጎማው ለቆጣሪ እንጂ ለሰው አልተሰጠም።

ካርድ ቢመጣስ ማን ይሞላል? ሂሳቡ ያለቀበት ቀን መጀመሪያ የቸገረው ነዋ። ጋጋሪዋ ሊጥ ካቦካች ሌላውን ሳትጠብቅ ሮጣ ትሞላለች፤ ከዚያ በኋላ ከየቤቱ ድርሻ መሰብሰብ ዕዳው የእሷ ይሆናል። ዘበኛው ደመወዝ እስኪቀበል ከማን ይበደር? መምህርቷ ራሳቸውም ስኳር አለባቸው፤ ኢንሱሊናቸው ያለው ፍሪጅ ውስጥ ነው።

ሂሳብ አስተማሪ ናቸውና ነገሩን በሂሳብ አዩት። ቢል ማለት ወለድ የሌለው የአንድ ወር ብድር ነው፤ በልተህ ትከፍላለህ። ካርድ ግን አበዳሪውን ይገለብጠዋል፤ ገና ላልተጠቀምክበት መብራት ገንዘብህን አስቀድመህ ትሰጣለህ። ደመወዝተኛ ለሆነችው ልጃቸው ልዩነቱ ምንም አይደለም፤ እንዲያውም ካርዱ ይሻላታል። የቀን ሥራ ለሚሠራ ሰው ግን ያቺ አንድ ወር ትልቅ ነገር ናት። በዚያ ላይ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እንዲጨምር ተወስኗል። በቢል ቤት ጭማሪው ወረቀት ላይ ይታያል፣ ይከራከሩበታል። በካርድ ቤት የሚታየው አምፖሉ ቀደም ብሎ ሲጠፋ ነው።

በሳምንቱ መጨረሻ ሄደው «በቢል» ብለው ፈረሙ። ልጃቸው ተቆጣች፤ የግምቱን ነገር ረሱት ወይ ብላ። አልረሱትም። ለጋጋሪዋ ቤት ከመርካቶ ትንሽ ቆጣሪ ገዝተው አስገጠሙ፤ የምጣዱን ፍጆታ ራሷ እንድትችል፣ የቀረው ለሦስት እንዲካፈል። ዘበኛው አሁንም በላይኛው እርከን ነው የሚከፍለው፤ ለዚያ መፍትሔ አላገኙም። ከኪራዩ ላይ ትንሽ ቀነሱለት።

ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ማለዳ መነጽራቸውን አድርገው ቆጣሪው ሥር ይቆማሉ። ቁጥሩን ከነቀኑ በደብተር ይጽፋሉ፣ በስልካቸውም ያነሱታል። አንባቢው እንደገና ሁለት ወር ቀርቷል።