ሥዕሉን ማን ሠራው?



ውድ የጀመዓችን ወንድሞችና እህቶች! ባለፈው ረመዳን ለኢፍጣር ወጪ ማሟያ በተዘጋጀው ባዛር ላይ በኮምፒውተር የሠራናቸውን ሥዕሎች ይዘን መቅረባችንን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ለገዛችሁም ለጎበኛችሁም አላህ መልካም ምንዳችሁን ይክፈላችሁ። ይህን የምንጽፈው ግን ለምስጋና ብቻ አይደለም። ከሸጥናቸው ሥዕሎች አንዱን ገዢዋ ቤት ድረስ ሄደን መልሰን ወስደናል። ለምን እንደወሰድን ከራሳችን አፍ ብትሰሙት ይሻላል።

አራት ነን። ከመካከላችን አንዱ በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር መሠረታዊውን የፕሮግራሚንግ ኮርስ ጨርሶ ነበር። አንድ ማታ ከዒሻ ሶላት በኋላ ፒፋይቭ ጄኤስ የሚባል ነፃ መሣሪያ በስልኩ አሳየን። ጥቂት የኮድ መስመር ይጻፋል፣ ሥዕል ይወጣል። ሥዕሉን በእጃችሁ አትሥሉትም፤ ሥዕሉ የሚወጣበትን ሕግ ነው የምትጽፉት። ነፍስ ያለውን ነገር ስለ መሣል ዑለሞቻችን ያሉትን ስለምናውቅ፣ ከጅምሩ በቅርጽና በመስመር ብቻ ለመሥራት ተስማማን።

የመጀመሪያው ሕጋችን ቀላል ነበር፦ አንድ ካሬ ሣል፤ በላዩ ላይ እኩል የሆነ ሌላ ካሬ 45 ዲግሪ አዙረህ ሣል። በየመስጊዱ የምናየው ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ ወጣ። መቶ ጊዜ ድገመው አልነው፤ ደገመው። ግን እንደ ኩሽና ሴራሚክ ደረቅ ሆነብን። በሃንጋሪ ተወልዳ በፓሪስ የኖረችው ቬራ ሞልናር እ.ኤ.አ. በ1968 በኮምፒውተር መሣል ስትጀምር ሥርዓት ባለው ቅርጽ ውስጥ ትንሽ ሥርዓት ማጣት እየጨመረች ትሞክር እንደነበር አነበብን። እኛም እንደዚያው አደረግን። እያንዳንዱ ኮከብ ከቦታው ጥቂት እንዲዛነፍ ፈቀድን፤ የዝንፈቱን መጠን ኮምፒውተሩ ዕጣ እያወጣ እንዲወስን ተውነው። ያኔ ሥዕሉ አማረ።

ሕግ ጽፎ ጌጥ ማውጣት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ከእንጦጦ ግርጌ ሽሮ ሜዳ ብትሄዱ ሸማኔው ጥለቱን የሚያወጣው ክር እየቆጠረ ነው፤ ስንት ዘልሎ ስንት እንደሚያነሳ በልቡ ይዞታል። የሐረሪ እናቶች የቤታቸውን ግድግዳ የሚያስጌጡበት ስፌትም ከመሐል ተነስቶ ዙር በዙር በቁጥር ይሰፋል። ወደ ሙስሊሙ ዓለም ስናልፍ ደግሞ፣ በኢስፋሃን የሚገኘው እ.ኤ.አ. የ1453ቱ የደርቢ ኢማም ሕንፃ ጌጥ አለ። ፒተር ሉ እና ፖል ስታይንሃርት የተባሉ ተመራማሪዎች በ2007 እንዳሳዩት፣ የዚህ ዓይነቱ ጌጥ በአምስት ዓይነት ቅርጾች ገጣጥሞሽ ሊሠራ ይችላል። አልጎሪዝም የሚለው ቃል ራሱ በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ ከሠራው ከአል ኸዋሪዝሚ ስም የመጣ ነው። ስለዚህ ሥራውን ስንጀምር ከሰው ቤት የገባን አልመሰለንም።

አንድ ቅዳሜ በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል አድርገን እንጦጦ ወጣን። ኦብዘርቫቶሪው ካለበት አካባቢ ሆነን ሸንተረሩን በስልክ አነሳነው። የተራራው ጠርዝ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ግን ድንገት አይዘልም፤ እያንዳንዱ ነጥብ ጎረቤቱን ይመስላል። ኬን ፐርሊን የተባለ ሰው ትሮን በተሰኘው ፊልም ላይ ከሠራ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ይህንን የመሰለ ለስላሳ ዕጣ የሚያወጣ ስሌት ፈጠረ፤ በ1997 ለዚሁ ሥራው የቴክኒክ ኦስካር ተሸልሞበታል። ያንን ስሌት ተጠቅመን እንጦጦን የሚመስሉ፣ ግን የትም የሌሉ ተራሮችን መሥራት ጀመርን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ተማርን። ኮምፒውተራችን የሚያወጣው ዕጣ የእውነት ዕጣ አይደለም። ከአንድ መነሻ ቁጥር ተነስቶ ሒሳብ ይሠራል፤ ዕጣ የሚመስለው መነሻውን ለማያውቅ ሰው ነው። ያንኑ ቁጥር ብትመልሱለት ያንኑ ሥዕል አንዲት ነጥብ ሳይጎድል ያወጣዋል። በዚያ ቅዳሜ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ዐስር ስንሰግድ ቅጠል ይረግፍብን ነበር። ሱረቱል አንዓምን የቀራ ሰው ቅጠል ሲወድቅ አይቶ ምን እንደሚያስታውስ ያውቃል። የአላህን ዕውቀት በማሽን አንመስልም፤ ወደ ራሳችን ግን ተመለከትን። እንዲያው የሆነ የሚመስለን ነገር ሁሉ እንዲያው የሆነ አይደለም።

ቁጥሩን መዝግቦ መያዝ ያለውን ጥቅም ግን በኪሳራ ነው የተማርነው። ከሁሉ ያማረውን የእንጦጦ ሥዕል ቁጥሩን ሳንጽፍ ዘጋነው፤ ዳግም አላገኘነውም። ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ ሥዕል ጀርባ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ኮዱን የጻፈውን ሰው እናሰፍራለን።

ባዛሩ ሦስት ቀን ሲቀረው የሥዕሎቻችን ቁጥር ጥቂት መሆኑ አስጨነቀን። በቃል የታዘዘውን የሚሥል የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ ከፍተን፣ «የሐረሪ ስፌት ቀለም ያለው፣ በመሐሉ በዐረብኛ ቢስሚላህ የተጻፈበት ጌጥ» ብለን ጻፍን። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ወርቅማና ቀይ የሆነ፣ የእኛን የወር ሥራ የሚያስንቅ ሥዕል መጣ። ጽሑፉ አልነበብ አለን። በጌጠኛ የዐረብኛ አጻጻፍ ስላልሠለጠንን ነው ብለን አለፍነው። አትመን በፍሬም አደረግነው።

በባዛሩ ዕለት መጀመሪያ የተሸጠው እርሱ ነው። ከኮተቤ የመጡ አንዲት እናት ቆመው ብዙ አዩት።

«ምን ይላል ልጆቼ?»

«ቢስሚላህ ይላል እማማ።»

«እናንተ ናችሁ የሠራችሁት?»

እርስ በርስ ተያየን። «አዎ» አልን። 600 ብር ከፈሉ፤ ሌላ እንድንሠራላቸውም ስልካቸውን ትተውልን ሄዱ።

ማታ ላይ ፎቶውን ቁርኣን ለሐፈዘች እህታችን አሳየናት። አሰፋችው፣ አዞረችው፣ ዝም አለች። ከዚያ «ይሄ ጽሑፍ አይደለም» አለችን። ባ አለ፣ ሲን የሚመስል አለ፤ ቀሪው ፊደል መሳይ ጭረት ነው። ነገሩ የሚገባን ቆይተን ስናነብ ነው። እንዲህ ያለው መሣሪያ እጅግ ብዙ ሥዕሎችን ከነመግለጫቸው አይቶ ይማራል፤ ሲሥልም በዕጣ ከተበተኑ ነጥቦች ተነስቶ ብዥታውን ደረጃ በደረጃ እያጠራ ይሄዳል። የዐረብኛ ፊደል መልኩ ምን እንደሚመስል ተምሯል፤ መልክ መምሰልና ማንበብ ግን የተለያዩ ናቸው።

ያን ሌሊት አልተኛንም። የፊደሉ ስሕተት የመሣሪያው ነው ልንል እንችላለን። «አዎ» ያልነው ግን እኛ ነን። የማናነበውን ይነበባል ብለን፣ ያልሠራነውን ሠራን ብለን፣ በረመዳን፣ ለኢፍጣር በሚሆን ገንዘብ ሸጥን።

በማግስቱ ደውለን ከመገናኛ ታክሲ ይዘን ኮተቤ ሄድን። ሥዕሉ ሳሎን በሩ ፊት ለፊት ተሰቅሏል። ሁሉንም ነገርናቸው። «በፊቱ ባለፍኩ ቁጥር ቢስሚላህ እያልኩ ነበርኮ» አሉ። አንገታችንን ደፋን። ትንሽ ቆይተው፣ «ቢስሚላዬ የራሴ ናት፤ ከአፌ ነው የወጣችው፤ እሷን አትወስዷትም። ወረቀቱን ውሰዱት» አሉን። ገንዘቡን መለስንላቸው፤ ቆጥረው ተቀበሉን።

በቦርሳችን ከኮከቦቹ ሥዕል አንዱ ነበር፤ እንዲያዩት ሰጠናቸው። ገልብጠው ጀርባውን አዩና «ይሄስ ቁጥር ምንድን ነው? ይሄንንስ ማን ሠራው?» አሉን። ሕጉን ማን እንደጻፈ፣ ዕጣው ከየትኛው ቁጥር እንደተነሳ፣ ቀለሙን ማን እንደመረጠ አንድ በአንድ ነገርናቸው። ምንም ሳንፈራ የመለስነው የመጀመሪያ ጥያቄ ነበር።

የሐዲስ ሊቃውንት አንድ ንግግር ሲደርሳቸው የቃሉን ማማር አይተው ብቻ አይቀበሉም፤ ከማን ሰማህ፣ እርሱስ ከማን ሰማ ብለው ሰንሰለቱን ይከተላሉ። ለሥዕል ኢስናድ ይኑረው ማለት የቃሉን ክብር ማሳነስ እንዳይሆን እንጠነቀቃለን፤ አደቡን ግን መውሰድ እንችላለን። መሣሪያዎቹን አልተውናቸውም። ኮዳችን ላይ ስሕተት ስንፈልግ፣ የቀለም ሐሳብ ስንጠይቅ አሁንም እንጠቀምባቸዋለን። ሆኖም ሦስት ነገር ተስማምተናል፦ በሥዕሉ ጀርባ ማንና በምን እንደሠራው ይጻፋል፤ ዐረብኛ የሚጻፍበት ነገር የሚያነብ ሰው በእጁ ይጽፈዋል፤ ሲጠይቁን «አዎ» ከማለታችን በፊት ጀርባውን እናያለን።

እናንተም አሳይመንት በመሣሪያ አሠርታችሁ ስማችሁን ልትጽፉበት እጃችሁ ሲዘረጋ፣ የኮተቤዋን እናታችንን ጥያቄ አስታውሱ። ከባዛሩ የገዛችሁት ሥዕል ጀርባ ባዶ ከሆነ አምጡልን፤ ስሙንና ቁጥሩን እንጽፍበታለን፤ የእኛ ካልሆነም ገንዘባችሁን እንመልሳለን፣ ኢንሻ አላህ።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።