የጓሮ ቤቶች ምስክርነት

የታላላቅ ሰዎች ቤት ሲነሣ ሁላችንም የምናስበው አዳራሹንና ሰገነቱን ነው። እኔ ግን በእንግሊዝ አገር፣ በኮርንዎል ስለሚገኘው ስለ ሄሊገን ርስት ካነበብሁ ወዲህ አስቀድሜ የምጠይቀው ስለ ጓሮ ቤቶቹ ሆኗል።

ሄሊገን የትሬሜይን ቤተ ሰብ ርስት ነበር። በአትክልቱ ቅጥር ጥግ የሠራተኞች መጸዳጃ የነበረ ጠባብ ክፍል አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በኦገስት 1914 የርስቱ አትክልተኞች በግድግዳው ላይ ስማቸውን በእርሳስ ጻፉ። በዚያው ወር እንግሊዝ ወደ ዓለም ጦርነት ገባች፤ ከእነርሱም መካከል ዘምተው ያልተመለሱ አሉ። ግቢው ቀስ በቀስ ዱር ዋጠው። በ1990 ሊያቀኑት የገቡ ሰዎች ክፍሉን ከፈረሰ ግንብ ሥር አገኙት። በ2013 ደግሞ ኢምፔሪያል ዋር ሙዚየም ክፍሉን ሕያው መታሰቢያ ብሎ ተቀበለው።

ፍርስራሹን ጠርጎ ግድግዳውን ኖራ መቀባት ቀላል ሥራ ነበር፤ ነገር ግን ስሞቹ ለዘላለም በጠፉ ነበር። ስለዚህ አሮጌ ቤት ከመጠገኑ በፊት ሊለካ፣ ንድፉ ሊነሣ፣ ፎቶግራፍ ሊነሣና የተጻፈበት ሁሉ ሊመዘገብ ይገባል። የጌታው ስም በሐውልት ላይ ይኖራል፤ ሠራተኛው ግን ብዙ ጊዜ ከሠራበት ቤት በቀር ሌላ ማስታወሻ የለውም።

እኔ የ18 ዓመት ተማሪ ነኝ። አባቴ፣ «አዲስ ቤት መሥራት ተማር፤ እንጀራ የሚገኘው ከእርሱ ነው» ይሉኛል። ምክራቸው እውነት ነው፤ ልቤ ግን አሮጌውን መጠበቅንም ለመማር ቈርጧል።

ጓደኞቼ ሆይ፣ ከመካከላችን መሐንዲስ የሚሆን ሁሉ አሮጌ ቤት ለማደስ ሲጠራ፣ መዶሻ ከማንሣቱ በፊት ደብተርና ሜትር ይያዝ።