የኅዳር 26 ማዕድ በሐይቅ

ከደሴ ከተማ ተነሥቶ በወልድያ መንገድ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው የሐይቅን ሰማያዊ ውሃ፤ ወደ ውሃውም ገባ ብሎ የተተከለውን የደብረ ሐይቅ ቅዱስ እስጢፋኖስን ገዳም ያያል። በ13ኛው መቶ ዓመት ገዳሙን በትምህርት ያቀኑት፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትንም ያስተማሩት አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ናቸውና፤ ኅዳር 26 ቀን መታሰቢያቸው በታላቅ ክብር ይውላል። ስለ ገዳሙ ብዙ ሊቃውንት ጽፈዋል። ሴቶች ግን ወደ ገዳሙ መግባት ስላልተፈቀደላቸው፤ እነርሱ በዓሉን የሚያከብሩት በየቤታቸው ዝክር አዘጋጅተው ነው። ይህን የቤት በዓል እስካሁን ጸሐፊ አላገኘለትም ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

በ2015 ዓ.ም. በዚሁ ቀን ከአንድ ቤተ ሰብ ዘንድ በእንግድነት ተገኝተን ነበር። የቤቱ እመቤት ይህን ዝክር ከእናታቸው ተረክበው ሳያስታጕሉ ሲያወጡ ኖረዋል፤ የታጐለው በ2014 ዓ.ም. ብቻ ነው። በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር ጦርነቱ ወደ ሐይቅ በደረሰ ጊዜ፤ ቤተ ሰቡ ቤቱን ዘግቶ በእግሩ ወደ ደቡብ ተሰደደ። እመቤቲቱም በመንገድ ላይ ሳሉ፤ ስድስቱ ልጆቻቸው በሕይወት ቢመለሱላቸው ከቀድሞው የሚበልጥ ዝክር ሊያወጡ ተሳሉ። አምስቱ ተመለሱ። ስድስተኛው በስደቱ መካከል ከወንድሞቹ ተለይቶ ቀረ፤ ወሬውም አልተሰማም።

ስለዚህ በቤቱ ውስጥ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ባለቤታቸው፤ ስለቱ ስለ ስድስቱ ነውና ልጁ እስኪመጣ ድረስ እንቆይ አሉ። እመቤቲቱ ግን ለንስሓ አባታቸው፤ «አባቴ፤ ስለ አምስቱ ዛሬ ካላመሰገንሁ፤ ስለ ስድስተኛው በምን አፌ እለምናለሁ?» አሏቸው። ካህኑም ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፤ «ልጄ፤ እንግዲያስ ዱቄቱን አቡኪ» አሉ።

ዋዜማውን ሊጡ ሲቦካ አደረ። ጥቁር አዝሙድ ገባበት፤ ሰፊው ምጣድ ላይ የኮባ ቅጠል ተነጠፈ፤ ሊጡ ተገልብጦ በኮባ ተሸፈነ፤ ከታችም ከላይም እሳት ተደረገበት። የላዩ እሳት ከበዛ ፊቱ ያርራል፤ ካነሰ ልቡ ሳይበስል ይቀራል። ስለዚህ ሴቶች ልጆቻቸው ፍሙን እየጨመሩና እየቀነሱ፤ እናታቸው በሽታው ብቻ መብሰሉን ያውቁ ነበር። በከተማ ከሱቅ የተገዛ ዳቦ ለለመድን ለእኛ፤ ኮባው ተገልጦ ያ ሽታ ቤቱን በሞላው ጊዜ የተሰማን ደስታ ቀላል አልነበረም። የምስሩ ወጥ፤ ሽሮው፤ የሱፉ ፍትፍት፤ የስንዴና የሽምብራው ንፍሮም ተሰናዳ።

ኅዳር 26 በነቢያት ጾም ውስጥ የሚውል በመሆኑ በማዕዱ ላይ ሥጋ የለም። በወሎ ይህ ታላቅ ጥቅም አለው። ክርስቲያንና እስላም ጎረቤቶች በሠርግም በኀዘንም አይለያዩም፤ ሥጋ በሚበላበት ቀን ግን እያንዳንዱ የየራሱን እርድ ይሻልና ገበታው ለሁለት ይከፈላል። በዚህ ቀን የጾም ምግብ ስለሚበላ ሁሉም በአንድ መሶብ ዙሪያ ይቀመጣል። ለክርስቲያኖቹ ጠላ፤ ለእስላሞቹ ከገብስ የተሠራ ቀሪቦ ቀርቧል። በስደቱ ጊዜ የዚህን ቤት ቁልፍ ይዘው የጠበቁት አንድ እስላም ሽማግሌ ከሁሉ በላይ ተቀመጡ።

የቤቱ ጌታ ከወንዶች ልጆቻቸው ጋር ገዳሙን ተሳልመው፤ እመቤቲቱ የላኩትንም ጧፍ አድርሰው ሲመለሱ፤ ካህኑ ጸሎት አድርሰው ዳቦውን ባረኩ፤ ቆረሱም። ሽማግሌውም በተራቸው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ የቀረውም ልጅ በስሙ ተጠርቶ ተለመነለት። የቤቱ ጌታ በዚህ ጊዜ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። እመቤቲቱ ግን አላለቀሱም፤ ለልጆቻቸው የሚደርሰውን ቁራሽ አንድ፤ ሁለት እያሉ ቈጥረው ስድስት አደረጉት።

ማታ ስንሰናበት ስድስተኛው ቁራሽ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ በመሶቡ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ነገ ማለዳ በደጅ ለሚያልፈው ለመጀመሪያው መንገደኛ እንደሚሰጥ ነገሩን።