ፍሪጁ የት ገባ?

ተማሪዎቼ፣ «አማካይ ቁጥርን ሳትበትኑ አትመኑ» እላችሁ እንደነበር ታስታውሳላችሁ? እኔው ረስቼው አረፍኩ!

የምሠራበት የዱቤ ግዢ አገልግሎት ላይ አማካይ የግዢ መጠን ወረደ። «ሰው ዕዳ ፈርቶ ነው» ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ። ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ግዢዎቹን በዕቃ ዓይነት ለያየኋቸው። ምጣዱም ጫማውም እንደ ድሮው ይሸጣል። የጠፋው ፍሪጅ ነው።

ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የውጭ ዕቃ ተወደደ። የእኛ የዱቤ ጣሪያ ግን ንቅንቅ አላለም። በነጋታው አንዲት ደንበኛችን ጋ ስደውል፣ «ልጄ፣ መክፈሉን መች ፈራሁ? ፍሪጁን የከለከላችሁኝ እናንተ ናችሁ» አሉኝ።

ሪፖርቱን እንደ አዲስ ጻፍኩት። የመጀመሪያውን እናንተ ጽፋችሁት ቢሆን ዜሮ ነበር የምሰጣችሁ።