የአዘዞው ወፍና የወፍ በሽታ

አንባቢ ሆይ፤ በአውሮፕላን ወደ ጎንደር የመጣህ እንደ ሆነ፥ ቲኬትህ ጎንደር ይበል እንጂ እግርህ መጀመሪያ የሚረግጠው የአዘዞን መሬት ነው። የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው እዚያ ነውና። በመኪናም ከባሕር ዳር በኩል ስትገባ አዘዞን ሳትነካ አታልፍም፤ ከመተማ የሚመጣውም መንገድ የሚጋጠመው ከዚሁ ነው። ታዲያ ሁሉ የሚያልፍበት ቦታ ዕድሉ እንዲህ ነው፤ ማንም ቆሞ አያየውም። ከፒያሳ ተነሥቶ ቁልቁል የሚወርደው ታክሲ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ሲያራግፍህ በግራና በቀኝ የምታየው ጋራዥ፥ ሻይ ቤት፥ የጦር ሠፈር አጥር፥ ቢጫ ጀሪካን የደረደሩ ልጆችና አቧራ ነው። ስለ ጀሪካኖቹ ኋላ እመለስበታለሁ።

ይሁን እንጂ አዘዞ በዕድሜ ከጎንደር ግንቦች ትቀድማለች። አፄ ፋሲል ቤተ መንግሥታቸውን በጎንደር ከማሠራታቸው በፊት አባታቸው አፄ ሱስንዮስ፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1620ዎቹ፥ ገነተ ኢየሱስ የተባለውን ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት ያሠሩት እዚህ ነበር። ንጉሡ በ1632 ከሞቱና የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ከአገር ከወጡ በኋላ ቦታው የተክለ ሃይማኖት ሆነ። ዛሬም ቤተ ክርስቲያኑን ልትሳለም የሄድህ እንደ ሆነ የድሮውን ፍርስራሽ በዚያው ታያለህ። እኔም ሁለት ጊዜ ተማሪዎች ይዤ ሄጃለሁ፤ ተማሪዎቹ ከፍርስራሹ ይልቅ የወደዱት በዛፎቹ ላይ የሚንጫጩትን ወፎች ነበር።

ባለፈው ጥቅምት ግን ወደ አዘዞ የወረድሁት ለፍርስራሽ አልነበረም። ከማስተምራቸው የ9ኛ ክፍል ልጆች አንዱ፥ ከአዘዞ እየተመላለሰ የሚማር ትጉህ ልጅ፥ ሳምንት ሙሉ ከክፍል ጠፋ። ጓደኞቹን ብጠይቅ «የወፍ በሽታ ይዞት ነው» አሉኝ። የታመመ መጠየቅ ያገር ወግ ነውና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ኪሎ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥዬ ሄድሁ።

ልጁ መደብ ላይ ጋቢ ተከናንቦ ተኝቷል። ቀና ብሎ «ጋሼ» ሲለኝ ዓይኑን አየሁት፤ ነጩ ክፍል እርድ የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። ከበሩ ውጭ፥ ከጣራው ክፈፍ ሥር፥ ልጁ ራሱ ከሸምበቆ የሠራው ጎጆ ተንጠልጥሎ በውስጡ አንድ አረንጓዴ ወፍ ተቀምጧል። ግንባሩ ቀይ፥ የክንፉ ታችኛው ክፍል ጥቁር፥ መጠኑ ከጭብጥ የማይበልጥ፥ ምንቃሩ እንደ በቀቀን የተቆለመመ ነው። በርግጥም የበቀቀን ወገን ነው። ይህ ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዱር የትም አይኖርም፤ የሾላና የጥድ ፍሬ ስለሚወድ በጎንደርም በፋሲል መዋኛ ዙሪያ ይታያል። ቀይ ግንባር ያለው ወንዱ ነው፤ ሴቷ መላ ፊቷ አረንጓዴ ነው። ልጁ በወንጭፍ ተመትቶ የወደቀውን አንሥቶ፥ ክንፉ እስኪድን ነው ብሎ ይዞት ኖሯል።

እናቱ ቡና እያቀራረቡ ክሱን አሰሙኝ። «መምህር፥ ይህን ወፍ አውጣልኝ ብለው አልሰማ አለ። ከገባ ስምንት ቀኑ ነው፤ በስምንተኛው ቀን ልጄ ቢጫ ሆነ። ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር ይፈለጋል? ነገ መድኃኒት አዋቂው ዘንድ እወስደዋለሁ፤ ወፉም ዛሬ ይወጣል።»

«እትዬ፥ ወፉ እኮ ምንም አላደረገም» ብል፥

«አንቱ ተማሩ እንጂ አልወለዱ» ብለው አፌን ዘጉኝ። ከወደ ጓዳው የልጁ ታላቅ እኅት ስኒ ይዛ መጣች፤ የመጀመሪያዋን እርግዝና ሰባት ወር ይዛለች። እናቲቱ በዓይናቸው ወደ እርሷ ጠቀሱኝ። የፈሩት ለልጁ ብቻ አልነበረም።

እዚህ ላይ አንባቢ ሆይ፥ ስለ ስሙ ጥቂት ላውራህ። ዓይንና ቆዳ ቢጫ የሚሆንበትን ሕመም አማርኛችን የወፍ በሽታ ይለዋል። ገሚሱ ሰው ወፍ በላዩ ሲያልፍበት ነው ይላል፤ ገሚሱ ደግሞ ጥፋተኛዋ የሌሊት ወፍ ናት፥ ሽንቷ ሲነካው ነው ይላል። በሌላ አገር ግን ወፍ በዚሁ በሽታ ሌላ ሥራ ነበራት። የሮማው ጸሐፊ ፕሊኒ፥ በሽተኛው ኢክተረስ የምትባለውን ቢጫ ወፍ ቢመለከት እርሱ ይድናል፥ ወፊቱ ትሞታለች ተብሎ ይታመን እንደ ነበር ጽፏል። ሐኪሞች እስከ ዛሬ ቢጫነቱን ኢክተረስ ይሉታል። እዚያ መድኃኒት፥ እዚህ ወንጀለኛ መሆኗ ነው። ያም ሆነ ይህ ወፍ በሁለቱም ፍርድ አልተጠቀመችም።

እውነተኛው ነገር እንዲህ ነው። ያረጀ ቀይ የደም ሕዋስ ሲፈርስ ቢጫ ቀለም ይወጣዋል፤ ጉበት ያን ቀለም አጣርቶ በሐሞት በኩል ወደ አንጀት ይሰዳል። ጉበት ሲቆስል ቀለሙ በደም ውስጥ ይቀራል፥ በዓይንም ይታያል። ጉበትን ከሚያቆስሉት ብዙ ነገሮች ዋነኞቹ ኤ፥ ቢ፥ ሲ፥ ዲና ኢ የሚባሉት ቫይረሶች ናቸው። ቢ፥ ሲና ዲ በደምና በሰውነት ፈሳሽ፥ ማለት በምላጭ፥ በመርፌ፥ በወሊድ፥ ቢ በተለይ በሩካቤም ይተላለፋሉ። ኤና ኢ በአገራችን በአብዛኛው የሚመጡት ዓይነ ምድር በነካው ውሃና ምግብ ነው። ከእነዚህ አንዱም በቀፎ ውስጥ ካለ አረንጓዴ ወፍ አይመጣም።

ታዲያ ሰው ለምን ወፍን ይከሳል? እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩ ያለው በቀኑ ቁጥር ነው። ኤ የተባለው ቫይረስ ከገባ በኋላ እስኪታይ አራት ሳምንት ያህል፥ ኢ ደግሞ ከሁለት እስከ ስምንት ሳምንትና ከዚያም በላይ ተደብቆ ይቆያል። ከወር በፊት የጠጣውን ውሃ ማን ያስታውሳል? ባለፈው ሳምንት የገባውን ወፍ ግን ሁሉም ያስታውሰዋል። እኔም ልጁን ጠጋ ብዬ ስለ መስከረም ጠየቅሁት። በመስከረም መጀመሪያ ቧንቧው ሁለት ሳምንት ጠፍቶ ኖሮ ከወንዝ በጀሪካን እየቀዱ ጠጥተዋል። «ይደፈርስ ነበር?» ብለው «ሲረጋ ይጠራል» አለኝ።

ይህን ስንነጋገር ከራሳችን በላይ ኩስ ጠብ አለ። ቀና ብዬ ባይ በቤቱ ጥግ ባለው ቆጥ ላይ አራት ዶሮዎችና አንድ አውራ ተሰልፈዋል። እናቲቱ ሳይደነግጡ በእግራቸው አመድ መለሱበት። ዶሮዎቹን ማንም አልከሰሰም።

ከብዙ ልመና በኋላ ሰኞ ዕለት ልጁን ጤና ጣቢያ እንድወስደው ፈቀዱልኝ፤ ወፉ ግን በቤታቸው አያድርም። «እንግዲያስ እኔ ልውሰደው» አልሁ። ነገሩን ሳላስብ ነው የተናገርሁት። በዚያ ምሽት ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚወጣው ታክሲ ውስጥ ጎጆውን በጉልበቴ ላይ አድርጌ ስቀመጥ ረዳቱ የሁለት ሰው ሒሳብ ጠየቀኝ።

ሰኞ የጤና መኰንኑ ልጁን መርምሮ የቢና የሲን ምርመራ አደረገለት፤ ሁለቱም የለበትም። «እንግዲህ ከውሃው ወገን መሆኑ ነው፤ በዕረፍትና በምግብ ይድናል» አለ። ቀጥሎም ያላሰብሁትን ጥያቄ አመጣ፤ «ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር አለች?» አለን። ልጁ ስለ እኅቱ ሲነግረው ብዕሩን አስቀመጠ። ኢ የተባለው ቫይረስ ጤነኛ ወጣት ላይ ብዙ ጊዜ ራሱ ይለቃል፤ በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ከያዛት ግን ከመቶ ከ20 እስከ 25 ሴቶችን እንደሚገድል የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። ልጅቱም የጠጣችው ከዚያው ጀሪካን ነው። እኔ ስለ ወፉ ንጽሕና ስከራከር፥ እናቲቱም ወፉን ሲያባርሩ፥ ጀሪካኑ ከበሩ ኋላ ቆሞ ነበር።

ይህ በሰሜኑ ክፍል አዲስ ነገር አይደለም። በ1981 ዓ.ም. ገደማ በሰሜን ኢትዮጵያ በነበሩ ወታደሮች መካከል የጉበት ሕመም ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር፤ ጎንደር የተወለዱት የጉበት ሐኪም ፕሮፌሰር እደማርያም ፀጋና ባልደረቦቻቸው መርምረው ምክንያቱ ኢ መሆኑን በ1991 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ከዚያም ወደ ኋላ ብንሄድ፥ የጎንደር የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ከጤና መኰንኖችና ከነርሶች ጋር ሳኒታሪያን የተባሉትን ያሠለጠነው ለዚሁ ለውሃና ለመጸዳጃ ጉዳይ ነበር። ያ ኮሌጅ አድጎ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

አሁን ደግሞ የራሴን ጉድ ልንገርህ። በአዘዞ እንደ ጠበቃ ወፉን ነፃ ያወጣሁ እኔ፥ ከመኝታዬ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ሳኖረው እንቅልፍ አጣሁ። ማክሰኞ ሌሊት ስለ በቀቀን ሳነብ፥ ከወፍ በእውነት የሚመጣ በሽታ መኖሩን አገኘሁ። የበቀቀን ትኩሳት ይባላል። ባክቴሪያው በወፉ ኩስና በላባው ብናኝ ውስጥ ሆኖ ሲደርቅ ከአቧራ ጋር በአፍንጫ ይገባል፤ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 14 ቀን ቆይቶ ትኩሳት፥ ብርቱ ራስ ምታትና ደረቅ ሳል ያመጣል፥ ሳንባንም ያቆስላል። በ1929 መጨረሻና በ1930 በፈረንጆች አቆጣጠር ከደቡብ አሜሪካ በተጫኑ በቀቀኖች ምክንያት በብዙ አገር ተሰራጭቶ፥ በአሜሪካ 169 ሰዎች ሲታመሙ 33 ሞተዋል። ፕሬዚዳንት ሁቨር በቀቀን ወደ አገር እንዳይገባ ከለከሉ። ምርምሩን የያዘው ዶክተር ቻርልስ አርምስትሮንግ ረዳቱ በዚሁ በሽታ ሞተ፤ እርሱም ታሞ ለጥቂት ተረፈ። በቀቀን ብቻም አይደለም፤ ዳክዬና እርግብም ይሸከሙታል።

መጽሐፉን ዘጋሁ፤ ወዲያው አሳለኝ። አንባቢ ሆይ፥ የጠመኔ ብናኝ የሚውጥ አስተማሪ ሳል ብርቁ አይደለም፤ በዚያ ሌሊት ግን እያንዳንዱን ሳል እየቆጠርሁ አደርሁ። ጎጆውን ወደ በረንዳ አወጣሁት፤ ድመት እንዳትበላው ፈርቼ መለስሁት፤ እንደገና አወጣሁት። ያን ጊዜ የእናቲቱ ፍርሃት ገባኝ። የእኔ የሚለየው መጽሐፍ ስላለው ብቻ ነበር።

በማግስቱ አንድ የእንስሳት ሐኪም ወዳጄን ብጠይቀው ሳቀ፤ ግን አልናቀኝም። «በሽታው በሰው ላይ ብዙ ጊዜ የማይታይ ነው፤ ዛሬ በቴትራሳይክሊን ወገን መድኃኒት ይድናል፤ በ1930 ግን ያ መድኃኒት አልነበረም» አለኝ። ከዚያም ኩሱን ደረቁን እንዳልጠርግ፥ መጀመሪያ ውሃ እንዳርከፈክፍበት፥ አፍና አፍንጫዬን እንድሸፍን፥ እጄን በሳሙና እንድታጠብ፥ ወፉን ከምተኛበት ክፍል እንዳወጣው፥ በአፌም እንዳላጎርስ ነገረኝ። የመጨረሻውን ባላደርገውም አፈርሁ። ትኩሳትና ሳል ከመጣብኝ ለሐኪሙ «ወፍ አለኝ» ማለቱን እንዳልረሳ አደራ አለኝ፤ ሐኪም ካልተነገረው ከሌላ የሳንባ ምች አይለየውምና። ስለ እናቲቱ ዶሮዎችም ጠየቅሁት። በየዓመቱ ዶሮውን የሚፈጀው ፈንግል ሰውን ቢበዛ ዓይን ቢያቀላ ነው። የወፍ ጉንፋን ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. በጉብሬ የዶሮ ማራቢያ ዶሮ በብዛት ሲሞት ገባ ተብሎ አገር ዶሮ መብላት ትቶ ነበር፥ ምርመራው ግን የለም አለ። «ቢሆንም ዶሮና ሰው በአንድ ቤት መተኛታቸው ደግ አይደለም» አለኝ።

በአምስተኛው ሳምንት ልጁ ዓይኑ ጠርቶ ክፍል ገባ። የወፉም ክንፍ ድኖ ነበር። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝንም ሕግ ስለማይፈቅድ ቅዳሜ ጎጆውን ይዤ አዘዞ ወረድሁ፤ በተክለ ሃይማኖት አጠገብ ልጁ በሩን ከፈተለት። ወፉ ጥቂት አመንትቶ ወደ ዛፉ ወጣ፤ ከቅጠሉ ጋር ሲመሳሰል ከዚያ ወዲያ አላየነውም።

ወደ ቤት ስንገባ እናቲቱ ፈገግ አሉ። «አየህ መምህር፥» አሉኝ፤ አሁን ዘመድ ስለሆንን አንተ ብለውኛል፤ «ወፉ ከቤቴ በወጣ በወሩ ልጄ ዳነ።» መልስ አጣሁ፤ ቀኑን ብቆጥር እውነታቸውን ነው። እኅቱ በደኅና ወልዳ አራስ ቤት ተኝታለች። እናቲቱ ከእሳቱ አጠገብ ካለው ክዳን ካለው ማሰሮ ውሃ ቀድተው ሰጡኝ፤ «ጠጣው፥ የፈላ ነው። ያ የጤና ጣቢያው ልጅ ካላፈላሽ እያለ እንጨቴን አስጨረሰኝ።» ጠጥቼ ቀና ስል ዶሮዎቹ ከቆጡ ላይ ሆነው ቁልቁል ያዩኛል።